አውቶቡሱ ለማን ቆመ?

የዛሬው ርዕሳችን ስለ አውቶቡስ ነው። አንዳንዱ አንባቢ «ስለ አውቶቡስ ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ? ሰልፉንና ግፊያውን እንደሆነ በየቀኑ እያየነው ነው» ሊል ይችላል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። አውቶቡስ ማለት መጣ አልመጣም፣ ሞላ አልሞላም ነው፤ ከዚህ ያለፈ ጥያቄ አይነሣበትም ባይ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር ያደግነው መርካቶ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። በሦስት ዓመቱ ልምሻ ሁለቱንም እግሮቹን ያዘው። መድረሳ ስንቀራ ተራ ገብተን በጀርባችን እያዘልን እናመላልሰው ነበር። ከመሐላችን ጁዝ ዐማን ቀድሞ በቃሉ የያዘው እርሱ ነው፤ አዛዮቹ ወደ ኋላ ቀርተን ታዛዩ ቀደመን። ዕድሜያችን እየገፋ ሲሄድ ግን ማዘሉ እየከበደ መጣ፤ ለእኛ በጉልበት፣ ለእርሱ በኀፍረት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ የሒሳብ አያያዝ የሚማርበት ቦታ አግኝቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከሰፈራችን ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። ለአንድ ወር ያህል እኔና ታናሽ ወንድሙ እየተፈራረቅን እያነሣን አሳፈርነው። በሁለተኛው ወር እኔ ሥራ ገባሁ፣ ወንድሙም ፈተና ደረሰበት፣ ትምህርቱ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ሁላችንም «እግሩ ከለከለው» ነው ያልነው። «አውቶቡሱ ከለከለው» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

በኋላ እኅቱ ወደምትኖርበት ወደ ለንደን ሄደ። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። በ2015 ዓ.ም ክረምት እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያች ከተማ ሄጄ አምስት ሳምንት እርሱ ዘንድ ተቀመጥኩ። ሰውየው ያው ነው፤ እግሮቹም ያው ናቸው፤ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። ይሁንና በአዲስ አበባ አንድም ቀን ብቻውን አውቶቡስ ተሳፍሮ የማያውቀው ሰው በለንደን በሳምንት አምስት ቀን ወደ ሥራው፣ ጁሙዓ ጁሙዓ ደግሞ ወደ መስጅድ ያለ ደጋፊ በሕዝብ አውቶቡስ ይመላለሳል። የሚሠራውም በሒሳብ ሙያ ነው። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? እስቲ ከፌርማታው ጀምረን እንመልከት።

ከፌርማታው እስከ ቦታው

ጓደኛዬ የሚኖረው በምሥራቅ ለንደን፣ ስትራትፎርድ በሚባለው ሰፈር ነው። ጁሙዓን የሚሰግደው ዋይትቻፔል በሚገኘው የምሥራቅ ለንደን መስጅድ ሲሆን፣ 25 ቁጥር አውቶቡስ ከሰፈሩ እስከ መስጅዱ ቀጥታ ይወስደዋል። ለንደን እ.ኤ.አ. ከ1863 ጀምሮ የምድር ውስጥ ባቡር ያላት ከተማ ናት። «ለምን በባቡሩ አትሄድም? ይፈጥናል ሲሉ እሰማለሁ» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀና «እርሱን ሲቆፍሩ እኔን አላሰቡኝም» አለኝ። እውነትም ከ272ቱ የምድር ባቡር ጣቢያዎች ያለ ደረጃ የሚደረስባቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ የለንደን ነዋሪ ዋናው መጓጓዣ አውቶቡስ ነው። ከ8,000 የሚበልጡት የከተማዋ አውቶቡሶች በሙሉ ዊልቸር እንዲያስገቡ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በዊልቸር የተቀመጠ ሰው በአውቶቡስ ሲሄድ አይከፍልም።

«በሙሉ» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ከአሥር አውቶቡስ ሁለቱ ብቻ ዊልቸር የሚያስገቡ ቢሆኑ፣ ሰውየው የቱ መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ስምንቱን እያሳለፈ መቆም ይኖርበታል። አሠሪ ደግሞ ይህን አይጠብቅም፤ የጁሙዓ ኹጥባም አይጠብቅም። አልፎ አልፎ የሚመጣ ምቹ አውቶቡስ ለጉብኝት ይሆናል እንጂ ለኑሮ አይሆንም።

አሁን ፌርማታው ላይ ነን። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እንዲቀራረብ ተብሎ ከመኪናው መንገድ ከ10 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል። አውቶቡሱ ጠርዙን ታክኮ ይቆማል። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ በሩ ላይ አንድም ደረጃ የለም። ሾፌሩ አንድ ቁልፍ ሲጫን ከጎማው በላይ ያለው የአየር መያዣ ይተነፍስና አውቶቡሱ በእግረኛው በኩል ጎንበስ ይላል፤ ግመል ለጫኚው እንደሚንበረከክ በሉት። በመካከለኛው በር አጠገብ፣ በውጭ በኩል፣ የዊልቸር ምልክት ያለበት ሰማያዊ ቁልፍ አለ። ጓደኛዬ እርሱን ይጫናል። ሾፌሩ መጀመሪያ የሚወርዱትን ያወርዳል፣ በሩን መልሶ ይዘጋል፤ ቀጥሎ ከወለሉ ሥር ራምፑ፣ ማለት መወጣጫው ሳንቃ፣ እየጮኸ ወጥቶ ጠርዙ ላይ ያርፋል። በሩ እንደገና ይከፈታል። ጓደኛዬ በሁለት ግፊት ውስጥ ገባ። እኔ የልጅነት ልማዴ መጥቶብኝ ወንበሩን ልገፋ እጄን ስዘረጋ «ተው! አንተ በፊት በር ሄደህ ሒሳብህን ክፈል» ብሎ መለሰኝ።

ውስጥ ለእርሱ የተተወ ቦታ አለ። በአገሪቱ ደንብ ርዝመቱ ከ130፣ ስፋቱ ከ75 ሳንቲ ሜትር አያንስም። ጓደኛዬ ወንበሩን ያዞርና ፊቱን ወደ አውቶቡሱ ኋላ አድርጎ፣ ጀርባውን ቆዳ ከለበሰ መደገፊያ ጋር ያገጥማል። ፍሬኑን ይይዛል፤ አለቀ። የሚያስር ሰውም፣ የሚታሰር ቀበቶም የለም። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ከተሞች ዊልቸሩ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ በቀበቶ ነው የሚታሰረው፤ ይህም ሾፌሩ ከመቀመጫው እንዲነሣ ያስገድዳል። የለንደኑ ዘዴ ቀላል ነው። አውቶቡሱ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ሁሉም ነገር ወደ ፊት ይወረወራል፤ ጀርባውን ወደ ፊት የሰጠ ሰው ግን መደገፊያው ላይ ይጫናል እንጂ አይወድቅም። ጎኑን ደግሞ መተላለፊያው አጠገብ የቆመ ብረት ይይዝለታል። «ሃያ ዓመት ሙሉ ለንደንን ያየኋት ወደ ኋላ ነው» እያለ ይቀልዳል። የት እንደደረሰ የሚያውቀው የሚቀጥለውን ፌርማታ ስም እያሳየ በሚጠራው ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ በመጀመሪያ ለዓይነ ስውራን የታሰበ ቢሆንም ለእንግዳውም፣ እንቅልፍ ለጣለውም፣ ወደ ኋላ ለሚጓዘውም ደርሷል። እኔም ብሆን ያለ እርሱ ዋይትቻፔልን አልፌ በሄድኩ ነበር። ለመውረድ ሲፈልግ ከጎኑ ያለውን ሌላ ሰማያዊ ቁልፍ ይጫናል፤ ድምፁ ከተራው ደወል ይለያል፤ ሾፌሩም ራምፑ እንደሚፈለግ ያውቃል።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የጻፍኩት የፈረንጅ አገር ለማድነቅ አይደለም። እያንዳንዱ ነገር አንድ ቢጎድል ቀሪው በሙሉ ከንቱ እንደሚሆን ለማሳየት ነው። ጠርዙ ባይኖር ራምፑ ይቀልጥሳል፤ ሾፌሩ ከጠርዙ ርቆ ቢቆም ራምፑ መሬት ነክቶ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ቦታው ባይተው የገባው ዊልቸር መተላለፊያ ይዘጋል።

እንዲሁ የተገኘ አይደለም

ለንደን እንደዚህ ሆና አልተፈጠረችም። በፎቶግራፍ የምናውቀው ቀዩ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ፣ ሩትማስተር የሚሉት፣ ከኋላው ክፍት መሳፈሪያ ነበረው፤ ሰው እየሮጠ ይንጠለጠልበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ሕዝብ ሲያመላልስ ኖሯል። ለሚሮጥ ሰው ግሩም ነበር፤ ለማይሮጥ ግን ከነውበቱ የተዘጋ በር ነበር። ከመደበኛ መስመር የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 ሲሆን የከተማዋ አውቶቡሶች ወለል በሙሉ ዝቅ ያለው ያን ጊዜ ነው። አንዳንድ የለንደን ሰዎች አሁንም ድረስ በናፍቆት ያነሡታል። ጓደኛዬ ሲያነሡት ዝም ይላል።

ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት ዴንቨር በምትባል ከተማ የከተማው መጓጓዣ ድርጅት አዳዲስ አውቶቡሶች ያዘዘው ዊልቸር ማንሻ ሳይኖራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1978 አሥራ ዘጠኝ አካል ጉዳተኞች ዌድ ብላንክ ከሚባል ፓስተር ጋር ሆነው ኮልፋክስና ብሮድዌይ የሚባሉት ጎዳናዎች በሚገናኙበት መስቀለኛ ወጡ። ሁለት አውቶቡሶችን በዊልቸራቸው ከበው እንዳይንቀሳቀሱ አደረጉ፤ ሌሊቱንም እዚያው አስፋልት ላይ አሳለፉ። ዛሬ በሥፍራው ስማቸው የተቀረጸበት ሰሌዳ አለ። ከዚያ በኋላ በየከተማው ተመሳሳይ ትግል ተካሄደ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለሕዝብ መጓጓዣ የሚገዛ አዲስ አውቶቡስ ሁሉ ዊልቸር የሚያስገባ እንዲሆን ግዴታ ጣለ። በለንደንም በ1990ዎቹ ዓመታት አካል ጉዳተኞች ራሳቸውን በሰንሰለት ከአውቶቡስ ጋር እስከማሰር ደርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 አድልዎን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ በ2000 ደግሞ የአውቶቡስን አሠራር የሚወስን ደንብ ተከተለ። የወለሉንና የራምፑን ነገር፣ ከላይ የጠቀስኩትንም የቦታውን ልክ የደነገገው ይኸው ደንብ ነው። ለነባር አውቶቡሶች ጊዜ ተሰጣቸው፤ ባለ አንድ ፎቆቹ እስከ 2016፣ ባለ ሁለት ፎቆቹ እስከ 2017 መባቻ ድረስ።

በየአገሩ ይቀርብ የነበረው መከራከሪያ አንድ ዓይነት ነው። «በዊልቸር የሚሄድ ሰው አውቶቡስ ላይ አናይም፤ ለማን ብለን ይህን ሁሉ ገንዘብ እናወጣለን?» ይባላል። ይህ አባባል እኔንም ለረጅም ጊዜ ያሳመነኝ ነበር። ወንዝ ላይ ድልድይ ሳይሠሩ «ማንም አይሻገርም እኮ» እንደማለት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች ደረጃቸው እንዳለ ሆኖ ዊልቸሩን የሚያነሣ ማሽን ነበር የሚገጠምላቸው። ማሽኑ ውድ ነው፣ ቶሎ ይበላሻል፣ ለማንሣትም ለማውረድም ደቂቃዎች ይፈጃል። ተሳፋሪው ሰዓቱን እያየ በዊልቸር የተቀመጠውን በዓይኑ ይገርፈዋል። መፍትሔው ሰውየውን ወደ አውቶቡሱ ከፍታ ማንሣት ሳይሆን አውቶቡሱን ወደ ሰውየው ማውረድ ሆነ። ወለሉ ሲወርድ ደግሞ የተጠቀመው ባለ ዊልቸሩ ብቻ አይደለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ዘንቢል የያዘው፣ ሕፃን በጋሪ የምትገፋዋ፣ ሁሉም ቶሎ ገብተው ቶሎ ይወርዳሉ። ታዲያ አዲሱ ችግር የመጣው ከዚሁ ነው።

የሕፃኑ ጋሪና ዊልቸሩ

ወለሉ ዝቅ ከማለቱ በፊት በለንደን እናቶች የሕፃን ጋሪያቸውን አጥፈው፣ ልጃቸውን ታቅፈው ነበር የሚሳፈሩት። አሁን እየገፉ ይገባሉ። የሚያቆሙትም ያው ለዊልቸር በተተወው ቦታ ላይ ነው፤ ባዶ ሲሆን እንዲጠቀሙበት ይፈቀዳልና። ባለ ዊልቸር ሲመጣ ግን ቅድሚያው የእርሱ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ማይል ኤንድ ፌርማታ ላይ ቆመን ሳለ አውቶቡስ መጣ። ሰማያዊውን ቁልፍ ተጫነ። በመስታወቱ ሁለት የሕፃን ጋሪ ይታያል። ሾፌሩ ወደ እኛ ዞር ብሎ እጁን አወናጨፈና ሄደ፤ ውስጥ ያሉትን አንድ ቃል እንኳ አልጠየቀም። የሚቀጥለው መጣ፤ የዚህኛው ራምፕ ግማሽ ድረስ ወጥቶ እምቢ አለ። ደንቡ ራምፑ የማይሠራ አውቶቡስ ከአገልግሎት እንዲወጣ ያዛል፤ ሆኖም ከነሕዝቡ ሄደ። ሦስተኛው አሳፈረን። እኔ በንዴት ስንተከተክ ጓደኛዬ የሁለቱንም ሰሌዳ ቁጥርና ሰዓቱን ስልኩ ላይ መዝግቦ ጨርሷል። ማታ ለኩባንያው ጻፈ፤ ከአሥር ቀን በኋላ የይቅርታ ደብዳቤ ደረሰው። የኩባንያውን ስም እዚህ አላነሣም። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር አስቀመጠው። ብዛታቸውን ስመለከት ለንደንንም ጀነት አድርጌ ማየቴን ተውኩ።

በዚህ ጉዳይ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር አለ። ዳግ ፖሊ የተባለ የዊልቸር ተጠቃሚ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ዌዘርቢ ከምትባል ከተማ ወደ ሊድስ ለመሄድ አውቶቡስ ጠበቀ። ቦታው ላይ አንዲት እናት የተኛ ልጇን በጋሪ ይዛለች። ሾፌሩ እንድትለቅ ጠየቃት፤ ጋሪው አይታጠፍም ብላ እምቢ አለች። ሾፌሩም ከዚህ አልፎ አልሄደም። ሰውየው ቀረ፤ ከሊድስ የሚይዘው ባቡርም አመለጠው። ኩባንያውን ከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት 5,500 ፓውንድ ፈረደለት፤ ይግባኝ ሰሚው በ2014 ፍርዱን ሻረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥር 18 ቀን 2017 በከፊል ለእርሱ ወሰነ። ካሳውን አልመለሰለትም። ይሁንና ሾፌር አንድ ጊዜ ጠይቆ እምቢ ሲባል ዝም ብሎ መንዳት አይበቃውም አለ። እምቢታው ያለ በቂ ምክንያት መሆኑን ካየ ጫን ብሎ መጠየቅ፣ እንደ ሁኔታውም ለጥቂት ደቂቃ አውቶቡሱን አቁሞ ማስጨነቅ እንዳለበት ገለጸ። እምቢ ያለችውን ሴት ከአውቶቡስ ማስወረድ አለበት ግን አላለም።

በእኔ አስተያየት ፍርዱ ልክ የቆመበት ላይ ነው የቆመው። ራምፕን በደንብ ማዘዝ ይቻላል፤ ጠርዝን በሲሚንቶ መሥራት ይቻላል። አንዲት የደከማት እናት የተኛ ልጇን ቀስቅሳ ጋሪዋን እንድታጥፍ የሚያደርጋት ግን ሕጉ ብቻ አይደለም፤ አደብ ነው። እናቲቱም በጎ ልብ የላትም ለማለት አልደፍርም፤ ልጅ ያስተኛ ያውቀዋል። ሆኖም እርሷ ልጇን ታቅፋ መቀመጥ ትችላለች፤ ሰውየው ግን ወንበሩን አጥፎ ሊያቅፈው አይችልም። ልዩነቱ ይህ ነው።

ጓደኛዬ ሲመጣ

በ2016 ዓ.ም የጓደኛዬ እናት በጠና ታመው ሆስፒታል ገቡ። እርሱም ለአንድ ወር መጣ። ከሰፈራችን እስከ ሆስፒታሉ በአንድ አውቶቡስ ይደረሳል። ሁለተኛው ቀን ላይ «ዛሬ በአውቶቡስ ነው የምሄደው» አለ። ልከለክለው አልፈለግሁም።

ፌርማታው ለመድረስ በመኪና መንገዱ ዳር ዳር ሄድን፤ የእግረኛው መንገድ ተቆፍሮ የቦዩ ክዳንም ተነሥቶ ነበር። አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ታክሲዎች ተደርድረው ስለነበር ከመንገዱ መሐል ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ሦስት ደረጃ። የመጀመሪያው ብቻ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ይሆናል። ትኬት ቆራጩ ገና እንዳየን ወርዶ «ልጆች፣ ኑ ጋሼን እናንሣቸው» አለ። ወዲያው አራት ጎረምሶች ከሰልፉ ወጡ። አንዱ ጃኬቱን አውልቆ ለጓደኛው ሰጠ። እንደዚህ ያለ ነገር ለንደን ውስጥ በአምስት ሳምንት አላየሁም። ጓደኛዬ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ጀዛኩሙላሁ ኸይር ልጆች፣ ይቅር፤ ሂዱ እናንተ» አላቸው። አውቶቡሱ ሄደ። ከዚያ ታክሲ ሞከርን። ረዳቱ ወንበሩ ተጣጥፎም ቢሆን የሁለት ሰው ቦታ ስለሚይዝ የሦስት ሰው እንድንከፍል ጠየቀ፤ መክፈሉንስ እንክፈል፣ በሩ ላይ ተጎንብሶ ሲነሣ ጀርባው ተላጠ። ከዚያን ቀን በኋላ በየቀኑ ኮንትራት ያዝን። ከለንደን ለመጣ ሰው ይቻላል። እዚሁ ደመወዙን ቆጥሮ ለሚኖረው ግን የሚቻል አይደለም።

ማታ ላይ ልጆቹን ለምን እንደመለሳቸው ጠየቅሁት። «ለንደን ውስጥ ማንም ሳያውቀኝ፣ ማንም ሳያዝንልኝ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። እዚህ ሁሉም እያዘነልኝ መሳፈር አልቻልኩም» አለኝ። ቆይቶም «ዛሬ አራት ሰው አገኘሁ። ማታ ስመለስስ? ነገስ? ሲዘንብስ? በልጅነታችን አንተ ሥራ ስትገባ ትምህርቴ ምን ሆነ?» ሲል ጨመረ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ሃያ ምናምን ዓመት ቆይታ ደረሰችኝ።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነጥብ ላስታውስ። ከሂጅራ 86 እስከ 96 የገዛው የኡመያው ኸሊፋ አል-ወሊድ ኢብን ዐብዱልመሊክ ለማየት ለተሳነው ሁሉ መሪ፣ መራመድ ለማይችለው ሁሉ አገልጋይ እንደመደበ፣ ለሥጋ ደዌ በሽተኞችም ድጎማ ሰጥቶ ሰውን እንዳይለምኑ እንዳዘዘ ጦበሪ ጽፈዋል። አል-ወሊድ በሌላ ሥራው የሚተች ሊኖር ይችላል፤ ይህን ሲያደርግ ግን ነገሩን በመንገድ ላይ ለሚያልፍ ደግ ሰው አልተወውም። የመንግሥት ሥራ አደረገው። ሰደቃ የሰጪው ፈቃድ ነው፤ ሐቅ ግን የባለቤቱ ነው። አራቱ ጎረምሶች ሰደቃቸውን ይዘው መጥተው ነበር፤ ጓደኛዬ የፈለገው ሐቁን ነበር። ከአውቶቡሱ ሁሉም ዓይነት ሰው እኩል ከፍሎ ይጠቀማል፤ የተገዛውም በሁላችን ግብር ነው።

በእኛም አገር ቢሆን ሕግ የለም አይባልም። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም አገራችን በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 መጓጓዣን በስሙ ጠርቶ ያነሣል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው ጎዳናዎች የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባለ ዊልቸሩ በእነዚያ ጎዳናዎች ላይ እስከ ፌርማታው ሊደርስ ይችላል። ደርሶስ?

ስለዚህ ጥያቄው የሚነሣበት ትክክለኛ ሰዓት አውቶቡስ የሚገዛበት ሰዓት ነው። የዴንቨር ሰዎች አስፋልት ላይ ያደሩት በዚህ ምክንያት ነበር። አንድ አውቶቡስ አንዴ ከተገዛ ብዙ ዓመት ይሠራል፤ ዛሬ ባለ ሦስት ደረጃውን የገዛ ሰው የዛሬ ሕፃን እስኪያድግ ድረስ በሩን ዘግቶበታል። ሲታዘዝ «ወለሉ ዝቅ ያለ ይሁን፣ ራምፕ ይኑረው፣ ጎንበስ ይበል፣ የዊልቸር ቦታ ይተው» ብሎ መጻፍ የግዢ ሰነድ ላይ አንድ አንቀጽ ነው። ተሠርቶ ከመጣ በኋላ ግን ደረጃን ቆርጦ መጣል አይቻልም። ራምፑንም ቢሆን ሁሌ በኤሌክትሪክ ማድረግ አያስፈልግም፤ በእጅ የሚገለበጥ ሳንቃ በብዙ አገር ይሠራል፣ የሚበላሽም ነገር ብዙ የለውም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሾፌሩ ፌርማታውን ታክኮ እንዲቆም፣ ታክሲውም ፌርማታውን እንዲለቅ ማድረግ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል።

የጓደኛዬ እናት በአላህ ፈቃድ ተሽሏቸው ከሆስፒታል ወጡ። እርሱ ከመመለሱ በፊት በነበረው ቀን አውቶቡስ ተራ ወሰድኩት። የቆመ አውቶቡስ አጠገብ ሄዶ ከኪሱ ሜትር አወጣና የበሩን ስፋት፣ የእያንዳንዱን ደረጃ ከፍታ ለካ። የሜትሩን ሌላ ጫፍ የያዘለት አንድ ወጣት ትኬት ቆራጭ ነበር። «ጋሼ፣ ልትገዙት ነው?» ብሎ ጠየቀው። «የአንተም የእኔም አይደል እንዴ!» አለው ጓደኛዬ። ልጁ ሳቀና የኋላውን በር ሊያስለካው ዞሮ ሄደ።

ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ወረቀት ለእኔ ተወልኝ። እኔም ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ጋር በሁለት ቅጂ አስተይቤ ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስገባሁ። መዝገብ ቤት የነበረችው እኅት ከላይ እስከ ታች አነበበችውና «የእኔም አባት በዊልቸር ናቸው» አለችኝ። ከዚያም ማኅተም መታችበት፣ የገቢ ቁጥሩንም በቀዩ ቀለም ጻፈችልኝ።